የሦስት ድምፅ፣ የአንዲት ስም

ሰው ብቻውን ሲያዜም ድምፁ የራሱ ነው፤ ቢያምር ምስጋናው፣ ቢጎረብጥም ነቀፋው ለእርሱ ይመለሳል። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቃናቸውን አስማምተው አንድ ዜማ በሚያሰሙበት ጊዜ ግን ከማናቸውም ጉሮሮ ለብቻው ያልወጣ፣ አንዳቸው ቢጐድል የማይገኝ አንድ አዲስ ነገር ይወለዳል፤ ይህም ነገር የማን ነው ብሎ መጠየቅ ስለ ገንዘብና ስለ ውል ከመከራከር አስቀድሞ ስለ ሰው ባሕርይ መጠየቅ ነው። ሊቃውንቶቻችን ለታላቁ ምሥጢር ለይተው ያኖሩትን የተዋሕዶን ቃል ለሥጋዊ ዘፈን ማዋስ ድፍረት ስለሚሆን አላደርገውም፤ ይሁን እንጂ ብዙዎች አንድ ሲሆኑ የእያንዳንዱ ማንነት ይጸናል ወይስ ይዋጣል የሚለው ጥያቄ፣ በማኅሌት ቤትም ሆነ በጭፈራ አዳራሽ ያው አንድ ጥያቄ መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አይቻለኝም።

ነገሩን በረቂቅ ንግግር ብቻ እንዳላንከራትተው፣ በዲትሮይት ከተማ ከድኆች ሰፈር ተነሥተው በዓለም አደባባይ የቆሙትን፣ ሱፕሪምስ የተባሉትን ጥቁር አሜሪካውያን ልጃገረዶች ታሪክ ይዤ እሄዳለሁ፤ ዘመኑንም ሁሉ የምጽፈው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1959 ዓ.ም. ዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች። ከደቡብ ግዛቶች የጥጥ እርሻንና የዘር መድልዎን ሸሽተው የመጡ ጥቁሮች ሳምንቱን በፋብሪካ ሲደክሙ ይሰነብቱና እሑድ በየቤተ ክርስቲያናቸው ተሰብስበው ይዘምሩ ነበር፤ ከልጆቻቸውም ብዙዎቹ ድምፅን ከድምፅ ማስማማት የተማሩት በዚያ በወላጆቻቸው አጠገብ ቆመው ነው። ብሩስተር ዳግላስ በሚባሉት የመንግሥት የኪራይ ቤቶች አካባቢ ያደገችው ፍሎረንስ ባላርድ ከ13 ልጆች 8ኛዋ ስትሆን፣ ገና በልጅነቷ ሰሚን የሚያስደነግጥ ወፍራምና ኃይለኛ ድምፅ ነበራት። ሚልተን ጄንኪንስ የሚባል ሰው ፕራይምስ የተባሉ ወንዶች ዘፋኞችን ያስተዳድር ነበርና፣ ለእነርሱ እኅት የሚሆን የልጃገረዶች ማኅበር ለማቋቋም ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የጠራት እርሷን ነው፤ ፍሎረንስ ደግሞ ሜሪ ዊልሰንን አመጣች፤ ቤቲ ማክግሎንና ዳያና ሮስም ተጨመሩ። ሁሉም ገና የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ፤ ስማቸውንም ፕራይሜትስ አሉት። ይህን ቅደም ተከተል አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ ከማኅበሩ እንድትወጣ የተደረገችው ማኅበሩ የተጀመረባት ናትና።

ቤሪ ጎርዲ ከቤተ ሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ ያቋቋመው የሸክላ ኩባንያ በዌስት ግራንድ ቡልቫርድ፣ 2648 ቁጥር ባለው አንድ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነበረ። ልጃገረዶቹ ድምፃቸውን ሊያሰሙት በሄዱ ጊዜ አስቀድመው ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ መክሮ ሰደዳቸው፤ እነርሱ ግን ከትምህርት ቤት ሲወጡ ወደዚያው ደጅ እየተመላለሱ፣ ሌሎች ሲዘፍኑ በማጨብጨብና ከኋላ ሆነው በመቀበል ማገልገል ጀመሩ። በጥር 1961 ውል ሲፈራረሙ ስማቸውን እንዲለውጡ ተጠየቁና ከቀረቡላቸው ስሞች መካከል ሱፕሪምስ የሚለውን የመረጠችው ፍሎረንስ ናት። ከዚያ በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ፣ ያወጧቸው ሸክላዎች አብዛኞቹ ሰሚ ሳያገኙ ቀሩ፤ በኩባንያው ቤት ውስጥም የማይሳካላቸው እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ማክግሎን ከውሉ አስቀድሞ ወጥታ ባርባራ ማርቲን ተተክታ ነበር፤ እርሷም በ1962 ስትወጣ ሦስቱ ብቻ ቀሩ።

ስለ ጎርዲ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ሸክላ ከማውጣቱ በፊት በሊንከን ሜርኩሪ የመኪና ፋብሪካ በሠራተኝነት አገልግሎ ነበር። በዚያም ባዶው የብረት አጥንት በአንዱ በር ገብቶ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በሌላው በር ያለቀለት መኪና ሆኖ ሲወጣ ስለ ተመለከተ፣ ከመንገድ የመጣ ማንም የማያውቀው ልጅም በአንዱ በር ገብቶ በሌላው የታወቀ ዘፋኝ ሆኖ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል ብሎ አሰበ፤ ይህንንም ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል። ሐሳቡ ብርቱ ነበረ፤ በተግባርም ሠራ። ግጥሙንና ዜማውን ላሞንት ዶዚየርና ሁለቱ ወንድማማቾች ብራያንና ኤዲ ሆላንድ ያዘጋጁ ነበር፤ የእግሩንና የእጁን እንቅስቃሴ ቾሊ አትኪንስ ያቀና ነበር፤ አካሄድን፣ አቀማመጥንና አነጋገርን ደግሞ ማክሲን ፓወል ታስተምር ነበር። ፓወል ልጆቹን በነገሥታት ፊት ለመቆም እንዲበቁ አድርጋ እንደምታሠለጥናቸው ትነግራቸው ነበር፤ ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀመጥ በተከለከለባት አገር፣ ከድኃ ሰፈር ለመጣች የ17 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ስለ ቀሚስና ስለ ጫማ መምከር ብቻ አልነበረም፤ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረው ሰው የተነፈገውን ክብር በአካሄዱ እንኳ እንዲመሰክር ማስተማር ነበር። ስለዚህ ያን ቤት በደፈናው የሚነቅፉትን አልከተልም።

ነገር ግን የፋብሪካ ሐሳብ ከውስጡ ሌላ ሐሳብ ይወልዳል። በፋብሪካ አንዱ ብሎን ቢላላ በሌላ ብሎን ይተካል፤ መኪናውም ያው መኪና ሆኖ ይሄዳል። ሰውስ እንዲሁ ነውን?

በ1964 ዓ.ም. ጸደይ አንድ ዘፈን ወደ እነርሱ መጣ፤ ስሙ «ዌር ዲድ አወር ላቭ ጎ» ይባላል። በመጀመሪያ የታሰበው ማርቨሌትስ ለተባሉት የኩባንያው ዘፋኞች ነበር፤ እነርሱ ስላልፈለጉት ለሱፕሪምስ ተሰጠ፤ ሱፕሪምስም አልወደዱትም ነበር። ቃናው ለሌላ አውራጅ ድምፅ የተመጠነ በመሆኑ ዳያና ሮስ ከለመደችው ዝቅ ብላ ለመዝፈን ተገደደች። አንድ ወጣት በእንጨት ሳንቃዎች ላይ ቆሞ በእግሩ ይረግጥ ነበርና፣ ሸክላው ሲጀምር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ያ የሳንቃ ርግጫ ነው፤ በርግጫው ላይ የዳያና ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ያለ አንዳች ጥድፊያ ይነሣል፤ ፍሎረንስና ሜሪም ከኋላዋ አንዲት አጭር ቃል እየመላለሱ እንደ ምንጣፍ ይነጠፉላታል። እኔ ይህን ሸክላ በሰማሁ ቁጥር የሚገርመኝ ከሦስቱ ድምፅ አንዱን ለይቶ ማውጣት ቢቻል የሚቀረው ነገር ምንኛ ራቁቱን እንደሚሆን ነው። አውራጇ ብቻዋን ብትቀር ጥያቄዋ መልስ የሌለው ሮሮ ይሆን ነበር፤ ተቀባዮቹ ብቻቸውን ቢቀሩ ደግሞ ማንን እንደሚያጽናኑ አይታወቅም ነበር።

በዚያው ክረምት ሱፕሪምስ ዲክ ክላርክ ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ከሚያዞራቸው ዘፋኞች ጋር በስም ዝርዝሩ ግርጌ ተጽፈው ጕዞ ጀመሩ፤ ጕዞው ሳያልቅ፣ በነሐሴ ወር፣ ሸክላቸው በአሜሪካ ሁሉ 1ኛ ሆነና ስማቸው ከግርጌ ወደ ራስጌ ወጣ። ከእርሱ ቀጥለው ያወጧቸው አራቱም ተከታትለው 1ኛ ሆኑ፤ እስከ 1969 መጨረሻ ድረስ ይህን ማዕረግ ያገኙት ዘፈኖቻቸው 12 ደረሱ። በታኅሣሥ 1964 በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን መድረክ ቆሙ፤ በ1965 በኒው ዮርክ ኮፓካባና ገቡ፤ በ1966 ደግሞ በአሜሪካ የአልበሞች ዝርዝር 1ኛ ሆኖ የወጣ የመጀመሪያው የሴቶች ማኅበር አልበም የእነርሱ ሆነ። ሦስቱ በአንድ ልብስ፣ በአንድ እርምጃ ወጥተው፣ ሦስት የቀኝ እጆች በአንድ ቅጽበት ተዘርግተው መዳፋቸውን ለተመልካቹ እንደ ከልካይ ዘብ ሲያሳዩ ያየ ሰው፣ ኅብረት የሚባለው ነገር በዓይን የሚታይበት ጊዜ እንዳለ ይረዳል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ስፍራ ደርሰናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጃገረዶቹ በማውረድ ይፈራረቁ ነበር፤ በ1961 ከወጡት ሸክላዎች በአንዱ አውራጅዋ ፍሎረንስ ነበረች። ወደ 1963 መጨረሻ ግን ጎርዲ አውራጅነቱን ለዳያና ብቻ ሰጠ። ይህን ውሳኔ ግፍ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ግፉን እዚህ ላይ አላገኘውም። የዳያና ድምፅ በመኪና ውስጥ በሚገኝ ትንሽ ራዲዮ እንኳ ጫጫታውን ሰንጥቆ የሚደርስ ድምፅ ነበር፤ እርሷም በትጋት ከማንም የማታንስ ሠራተኛ ነበረች። ጸጋ በእኩል አይታደልም፤ በወንጌሉ ምሳሌ ጌታው ለአገልጋዮቹ መክሊት ሲያካፍል ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱም አንድ መስጠቱን በመጽሐፉ ማንም አልተቃወመውም። ይሁን እንጂ በዚያ ምሳሌ ሳይስተዋል የሚታለፍ ነገር አለ። ጌታው በተመለሰ ጊዜ አምስቱን ያተረፈውን የሚያመሰግንበት ቃልና ሁለቱን ያተረፈውን የሚያመሰግንበት ቃል ያው አንድ ቃል ነው፤ ሁለቱም ወደ አንድ ደስታ ይጠራሉ። ስጦታው ተበላለጠ፤ ክብሩ ግን አልተበላለጠም። ስለዚህ ዳያናን አውራጅ ማድረግ የስጦታን ልዩነት ማወቅ ነው፤ በደሉ የሚጀምረው የስጦታው ልዩነት የክብር ልዩነት በሆነ ጊዜ ነው።

ያ ጊዜ በ1967 ደረሰ። ማኅበሩ ዳያና ሮስና ሱፕሪምስ ተብሎ እንዲጠራ ተወሰነ። የአንዲቷ ስም ከማኅበሩ ስም ሲነጠል፣ የተቀሩት ሁለቱ ስም የሌላቸው የአንድ ስም ጥላ ሆኑ፤ ያውም ስሙን የመረጠችው ፍሎረንስ ከጥላዎቹ አንዷ ሆና። ፍሎረንስ በዚያ ዘመን ትጠጣ እንደ ነበርና አንዳንድ ትርኢቶች እንዳመለጧት የታወቀ ነው፤ ልሸፍነው አልሻም፤ ማኅበርን የሚያስተዳድር ሰውም ስፍራውን ባዶ መተው አይችልም። በሚያዝያ ወር በሆሊውድ ቦውል በፍሎረንስ ስፍራ ሲንዲ በርድሶንግ ቆመች፤ በመልክ ስለምትመስላት ከሩቅ ያየ ልዩነቱን ላያስተውል ይችል ነበር። በዓመቱ አጋማሽ፣ በላስ ቬጋስ በፍላሚንጎ ሆቴል በሚጫወቱበት ሰሞን፣ ፍሎረንስ ፈጽማ ወጣች። በአዲሱ ስም የወጣው የመጀመሪያው ሸክላ «ሪፍሌክሽንስ» ለገበያ የቀረበው በሐምሌ መጨረሻ፣ 43 ሰዎች የሞቱበት የዲትሮይት ሁከት በነደደበት ሳምንት ነው፤ ዘፈኑ አስቀድሞ የተቀረጸ ስለ ሆነ የፍሎረንስ ድምፅ በውስጡ አለ። ድምፅዋ ቀርቶ አካሏ ተሰናበተ ማለት ነው።

ስፍራን በሌላ ሰው መሙላት በመጽሐፍም ያለ ነገር ነው። ይሁዳ ከአሥራ ሁለቱ በጐደለ ጊዜ ሐዋርያት ጸልየው ዕጣ ጣሉና ማትያስ በእርሱ ፈንታ ተቈጠረ፤ ሹመት እንደሚተካ ከዚህ እንማራለን። ነገር ግን ወንጌላውያን የሐዋርያትን ስም በዘረዘሩበት ስፍራ የይሁዳን ስም አልፋቁትም፤ ጌታውን የሸጠው እንኳ ከአሥራ ሁለቱ እንደ ነበረ ተጽፎ ቀረ። ፍሎረንስ ማንንም አልሸጠችም። ሆኖም በ1968 ከኩባንያው ስትለያይ በተፈራረመችው ውል መሠረት፣ ለብቻዋ በምታወጣቸው ሸክላዎች ማስታወቂያ ላይ ከሱፕሪምስ አንዷ እንደ ነበረች መጥቀስ ተከለከለች። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያዘንሁትን ያህል ኋላ ገንዘቧን በማጣቷ አላዘንሁም። ገንዘብ ይጠፋል፣ ይገኛልም፤ የሆነውን ነገር አልሆነም ብሎ ማስካድ ግን በሰው ላይ ብቻ ሳይወሰን በእውነት ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው፤ ያለፈውን ዘመን መለወጥ ለማንም ያልተሰጠ ሥልጣን ነውና።

ብቻዋን ያወጣቻቸው ሸክላዎች አልተሰሙም፤ ቤቷን አጣች፤ ሦስት ሴቶች ልጆቿንም በመንግሥት ድጎማ እስከ ማሳደግ ደረሰች። በየካቲት 22 ቀን 1976 በ32 ዓመቷ በልብ ሕመም ዐረፈች። ሥርዓተ ቀብሯ በተፈጸመበት በኒው ቤቴል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዳያናም ሜሪም ተገኝተው ነበር፤ ሕዝቡም ከመብዛቱ የተነሣ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። «ጎርዲ ባይኖር እነዚህ ልጆች ማን ያውቃቸው ነበር? ዳያናንም ባይለይ ማኅበሩ እስከዚያ ከፍታ ይደርስ ነበርን? ታዲያ ሁሉን የሰጠ ሰው ከሰጠው ላይ ቢወስድ ምን ይባላል?» ይላሉ። ይህ ክርክር የሚሳሳተው የስጦታውን ምንጭ ሲቈጥር ነው። ጎርዲ መድረክ ሰጠ፤ ድምፅን ግን አልሰጠም፤ ድምፅ ከእስትንፋስ ነው፤ እስትንፋስም ከአዳም ጀምሮ የፈጣሪ ነው። መድረክ የሰጠ መድረኩን መልሶ ቢወስድ ሰዎች ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ እስትንፋስ ያልሰጠ ግን በእስትንፋሱ የተሠራውን ስም ከባለቤቱ ነጥሎ የራሱ ማድረግ ይገባዋል የሚያሰኝ ምክንያት አላገኘሁም። ደግሞም ከፍታው የመጣው ሰውን በመለዋወጥ እንዳልሆነ ራሱ ታሪኩ ይመሰክራል፤ ከ12ቱ ዘፈኖች 10ሩ ፍሎረንስ እስክትወጣ ድረስ የወጡ ናቸው።

በቤተ ክርስቲያናችን ማኅሌትም መሪ አለ፣ ተመሪ አለ፤ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ቆመው አንዱ ወገን ያነሣውን ሌላው ይቀበላል፤ መሪው ባይኖር ዜማው አይጀመርም፤ ተመሪው ባይኖርም አይፈጸምም። በዚያ ማንም ስሙን ለይቶ ከበር ላይ የማይሰቅለው መዘምራኑ ሁሉ ከትዕቢት ስለ ነጹ አይደለም፤ በወንበርና በማዕረግ መፎካከር እነርሱም ዘንድ ይታወቃል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ዜማው የቅዱስ ያሬድ፣ ምስጋናው የእግዚአብሔር ስለሆነ፣ ወደ ላይ የሚያርገውን ምስጋና በምድር የሚከፋፈለው አይኖርም። በዓለማዊው መድረክ ግን ምስጋናው ከጭብጨባው ጋር በዚያው በአዳራሹ ይቀራል፤ ስለዚህ መከፋፈሉ ግድ ነው። ምስጋና በምድር በሚከፋፈልበት ስፍራ የሚፈለገው ፍትሕ፣ ወደ ላይ ከሚያርግበት ስፍራ ይልቅ ይበረታል እንጂ አይቀልም፤ ዓለማዊ ዘፈን ነው፣ ንግድ ነው እያሉ የፍትሕን ጥያቄ የሚያቃልሉ ሰዎች ነገሩን የገለበጡት ይመስለኛል።

ዳያና በጥር 1970 ወጥታ ብቻዋን ታላቅ ዝና አገኘች፤ ሜሪ ዊልሰን ግን ሱፕሪምስ እስከ ፈረሰበት እስከ 1977 ድረስ ስፍራዋን አልለቀቀችም፤ ከመጀመሪያዎቹ ልጃገረዶች እስከ ፍጻሜው የቆየችው እርሷ ብቻ ናት። ከዚያም በኋላ እስከ ዐረፈችበት እስከ 2021 ድረስ፣ በሸክላው ላይ ፈጽሞ ያልነበሩ ሰዎች የታወቁ ማኅበራትን ስም ይዘው በየአዳራሹ እንዳይዘፍኑ የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ ከግዛት ግዛት እየዞረች ተሟገተች፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም ሕጉ ጸደቀ። ስም የሚገባው ለድምፁ ባለቤት ነው የሚለው ሐሳብ በሕግ መጽሐፍ የገባው በዚህች ሴት ድካም ጭምር ነው።

ሕጉ ያልደረሰላቸው ሌሎች ሴቶችም አሉ። በ1968 የወጣውና 1ኛ የሆነው «ላቭ ቻይልድ» የዳያና ሮስና የሱፕሪምስ ተብሎ ሲሸጥ፣ ከዳያና ኋላ የሚሰሙት ድምፆች የሜሪም የሲንዲም አልነበሩም፤ አንዳንቴስ ተብለው በኩባንያው ቤት የሌላውን ሁሉ ሸክላ ሲቀበሉ የኖሩት የጃኪ ሂክስ፣ የማርሊን ባሮውና የሉቬይን ዴምፕስ ድምፆች ነበሩ። ስማቸው በሸክላው ሽፋን ላይ አልተጻፈም። ሱፕሪምስ ነን ብለው መድረክ ላይ አልወጡም፤ የሌላውን ስም ስላልወሰዱ ሕጉ አይከሳቸውም፤ የራሳቸው ስም ስላልተጻፈም ሕጉ አይሟገትላቸውም። የፍሎረንስን ስም ለመመለስ የምንከራከር ሁሉ ክርክራችንን ከእርሷ አሳልፈን እስከ እነዚህ ሦስት ሴቶች ማድረስ ይገባናል።